የጤና ጣቢያ የመድኃኒት ወጪና የአስተዛዘዝ ልማድ

የጤና ጣቢያ የመድኃኒት በጀት ከዓመቱ ማብቂያ በፊት ሲያልቅ በምክንያትነት የሚነሣው በአብዛኛው የዋጋ ንረት ነው። የአስተዛዘዝ ልማድ ግን እምብዛም አይመረመርም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጣው መመሪያ መሠረት ልማዱ የሚለካው ለአንድ ታካሚ በአማካይ በታዘዙ መድኃኒቶች ብዛት፣ በጀነሪክ ስምና ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር በታዘዙት ድርሻ፣ እንዲሁም አንቲባዮቲክና መርፌ በታዘዘላቸው ታካሚዎች መጠን ነው። ለአንድ ተቋም 100 ያህል ማዘዣዎችን ማየት ይበቃል።

ጉንፋን በቫይረስ የሚመጣ በመሆኑ አንቲባዮቲክ አይፈውሰውም፤ ትርፉ ወጪና መድኃኒት የተላመደ ተሕዋስ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች በሙከራ በተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ወጪው ከአባላት መዋጮ ስለሚሸፈን፣ አላስፈላጊ ትእዛዝ የታካሚውን ቅሬታ አያስነሣም። ቋቱ ሲመናመን ግን የመድኃኒት መደርደሪያው ይራቆታል፤ መዋጮውን የከፈለው አባልም ከግል መድኃኒት ቤት በኪሱ ይገዛል።