የአንድ ስም 12 መልክ

ቦኬ ወረዳ ውስጥ አንድ ባለሱቅ የዱቤ መዝገቡን ከደብተር ወደ ኮምፒውተር አዛወረ እንበል። እትዬ ፀሐይ 800 ብር ዕዳ ነበረባቸው፤ ከፍለው ጨረሱ። ገንዘቡን የተቀበለው የባለሱቁ ልጅ ግን ስማቸውን «ጸሀይ» ብሎ መዘገበ። ኮምፒውተሩም አዲስ ደንበኛ የመጣ መስሎት ሌላ ገጽ ከፈተ። በሳምንቱ እትዬ ፀሐይ ስኳር ሊገዙ ብቅ ሲሉ «ያለፈው ዕዳ አልተከፈለም» ተባሉ።

ልጁ አላጠፋም፤ በአማርኛ ሁለቱም ጽሑፎች አንድ ሆነው ይነበባሉ። ለኮምፒውተር ግን ፊደል ማለት ቁጥር ነው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሲካተት እያንዳንዱ ሆሄ የራሱን ቁጥር አገኘ፦ ሀ 4608፣ ሐ 4624፣ ኀ 4736፣ ጸ 4920፣ ፀ 4928። ይህም ተገቢ ነው፤ ለምሳሌ ትግርኛ ሀንና ሐን በድምፅ ይለያቸዋል። በአማርኛ ግን «ፀሐይ» ሲጻፍ የመጀመሪያው ፊደል 2 አማራጭ፣ ሁለተኛው 6 አማራጭ (ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ) አለው። በጠቅላላው 12 መልክ መሆኑ ነው። «እኩል ናቸው ወይ?» የተባለ ፕሮግራም ቁጥርን ከቁጥር ብቻ ስለሚያስተያይ 12 ሰዎች ያያል።

እንዲህ ያለው ስሕተት ሲገኝ ፕሮግራመሩ ብዙ ጊዜ የሚቸኩለው እዚያው ቦታ ላይ ለመጠገን ነው። የደንበኛ መፈለጊያው ላይ ፀን ወደ ጸ የሚለውጥ መስመር ይጨምራል። በወሩ ክፍያ መቀበያው ላይ ሐን ያስተካክላል፤ ኀን ይረሳል። የዕዳ ዝርዝሩን የሚያወጣውን ክፍል ጭራሽ አይነካውም። ያኔ ለአንድ ጥያቄ ሦስቱ ቦታዎች የተለያየ መልስ ይሰጣሉ።

መድኃኒቱ ሪፋክተሪንግ ይባላል፤ ፕሮግራሙ የሚሠራውን ሥራ ሳይለውጡ የኮዱን ውስጣዊ አወቃቀር ማጥራት ማለት ነው። ቃሉን በሰፊው ያስተዋወቀው የማርቲን ፋውለር መጽሐፍም በዚያው በ1999 ነው የታተመው። ነገሩ ቤተሰቡ ሳይወጣ የቤቱን ምሰሶ እንደመለወጥ ነው፤ ጣሪያው እንዳይወርድ አስቀድሞ ድጋፍ ይቆማል።

በኮድ ውስጥ ያ ድጋፍ ቴስት ነው። ጥንድ ጥንድ ስሞችን ጻፉና ፕሮግራሙ ዛሬ ለእያንዳንዱ የሚሰጠውን መልስ መዝግቡ፤ የተሳሳተውንም ጭምር። ቀጥሎ ሦስቱን ማወዳደሪያዎች ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ አስተያዩ። አንድ ዓይነት የሆነውን ወደ አንድ ፋንክሽን ሰብስቡ፤ ስሙንም ሥራውን እንዲናገር «ስም_ይመሳሰላል» በሉት። ቴስቱ የቀድሞውን መልስ ካልሰጠ ወደ ኋላ ተመለሱ። የሚለያዩበትን ግን በዝምታ አታዋህዱት፤ የትኛው ትክክል እንደሆነ ባለሱቁን ጠይቁ።

ደንቡን መለወጥ ራሱን የቻለ ሌላ እርምጃ ነው። ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነዘራቸው መልሱ፤ ሃን ከሀ፣ ኣን ከአ አንድ አድርጉ። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ከፀ እስከ ፆ ካሉት ሰባት ፊደላት ቁጥር ላይ 8 ሲቀነስ ከጸ እስከ ጾ ያሉት ይገኛሉ። ከዚያ አሮጌውንና አዲሱን ኮድ በመላው መዝገብ ላይ አስኪዱና መልሳቸው የተለያየባቸውን ስሞች ብቻ በዓይናችሁ አንድ በአንድ እዩ።

ሁለት ነገር ግን ተጠንቀቁ። ፊደሉን የምትመልሱት ለማወዳደር ብቻ ይሁን፤ ሰው የጻፈውን በመዝገቡ ላይ እንዳለ ተዉት። «ድኅነት» መዳን ነው፣ «ድህነት» ማጣት ነው፤ በአንድ ፊደል አጻጻፍ ትርጉሙ ይገለበጣል። ሁለተኛ፣ የፊደል ደንብ ሁሉን አይፈታም። አድራሻው ላይ «ጭሮ»፣ «ቺሮ» ወይም «አሰበ ተፈሪ» ቢጻፍ ከተማዋ ያችው አንዲት ናት፤ ይህን የሚያውቀው በእጅ የተዘጋጀ የስም ዝርዝር ነው። በቁቤ፣ ማለትም ኦሮምኛ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ ተጽፎ የመጣ ስምም የራሱን ደንብ ይፈልጋል። በሌላ በኩል ፀሐይ የሚባሉ ሁለት ሴቶች በአንድ ቀበሌ ሊኖሩ ይችላሉ። ስለዚህ ኮምፒውተሩ «እኚህ ይሆኑ?» ብሎ ከነአባት ስም ያቅርብ፤ የሚወስነው ሰው ይሁን።

ዱቤ የሚቆመው በመተማመን ነው። ደብተሩን ይዞ የኖረው ባለሱቅ ስማቸውን በየትኛውም ሆሄ ቢጽፈው እትዬ ፀሐይን ከሌላ ሰው አያምታታም ነበር፤ ፊታቸውን ያውቃል። ኮምፒውተሩ ፊት አያውቅም። ባለሱቁ በልቡ ይዞት የነበረውን ማስተዋል አንድ ቦታ ላይ፣ ማንም አንብቦ ሊያርመው በሚችል ኮድ መጻፍ የፕሮግራመሩ አደራ ነው።