ከአርሴናል ባሻገር፦ ቅዳሜ በሻምፒዮን ሂል

የለንደን ሐበሻ አርሴናልና ማንቼስተር ዩናይትድ ሲባል ደሙ ይሞቃል። ቲኬቱ ግን እንዲህ በቀላሉ አይገኝም፤ ቢገኝም ኪስ ያራቁታል። ስለዚህ ፍቅሩ ከቴሌቪዥኑ አያልፍም። በዚያው ከተማ ደቡብ፣ ኢስት ደሊች ውስጥ፣ በ1893 የተቋቋመው ደሊች ሃምሌት በሮዝና በጥቁር ሰማያዊ ማሊያው ይጫወታል። እዚህ ደጋፊው አጥሩን ተደግፎ ይቆማል፤ በረኛው ተከላካዮቹን ሲቆጣ ይሰማል፤ ዕረፍት ሲሆን ቡድኑ ወደሚያጠቃበት ጎል ጀርባ ይዛወራል። በትልልቆቹ ሊጎች ሜዳውን እያዩ ቢራ መጠጣት በ1985 በወጣ ሕግ ክልክል ነው፤ እዚህ ግን ብርጭቆን ይዞ ማየት ይቻላል። (ለአንዳንዱ ወገን ይኸው ብቻ ይበቃዋል!)

ጨዋታው አያምርም ለሚል፣ እውነት ነው፤ አንዳንድ ቀን ኳሷ ከሣሩ ይልቅ ሰማይ ላይ ትውላለች። ደጋፊውን ያቆራኘው ግን ሌላ ነገር ነው። በማርች 2018 ክለቡ ከመሬቱ ባለቤት ጋር በተነሣ ውዝግብ ከሜዳው ተባረረ። ወደ ቱቲንግና ሚቻም ክለብ ሜዳ ተሰዶ፣ ደጋፊውም ተከትሎት፣ በዚያው የውድድር ዘመን ወደ ላይኛው ዲቪዚዮን አለፈ። በዚያው ዓመት፣ በፈረንጆች ገና ማግሥት፣ ወደ ሻምፒዮን ሂል ሲመለስ ሕዝቡ በሺህ ተቆጥሮ ጠበቀው።