«ዕጢ አፋኝ» ወይስ «ካንሰር ገቺ»?

በሐዋሳ ከተማ የጤና ጽሑፎችን ወደ አማርኛ የሚመልስ አንድ ባልደረባችን በቅርቡ «ዕጢ አፋኝ ዘረ መል» የሚል ሐረግ ይዞልኝ መጣ። ሐረጉ የእንግሊዝኛው ቃል በቃል ፍች ነው። ይሁን እንጂ ረቂቁን ያነበበች አንዲት እናት «ይህ አፋኝ እኔም አለብኝ ወይ?» ብላ ጠይቃዋለች። ዘረ መሉ ግን ጠባቂ እንጂ ጠንቅ አይደለም፤ በሁላችንም ሕዋሳት ውስጥ ይገኛል።

ሕዋስ በሥርዓት የሚከፈለው የሚገፉትና የሚከለክሉት ዘረ መሎች ተመዛዝነው ሲሠሩ ነው። አሜሪካዊው ሐኪም አልፍሬድ ክኑድሰን እ.ኤ.አ. በ1971 ሬቲኖብላስቶማ የተባለውን የሕፃናት የዓይን ካንሰር መርምረው፣ በሽታው ሁለት ጉዳቶችን እንደሚጠይቅ አመለከቱ። በኋላም ጉዳቶቹ ከእናትና ከአባት የተገኙት የአንድ ከልካይ ዘረ መል ሁለት ቅጂዎች መበላሸት መሆናቸው ተረጋገጠ። አንዱን ቅጂ ተበላሽቶ የወረሰ ሕፃን የሚቀረው አንድ ጉዳት ብቻ ስለ ሆነ በሽታው ቀደም ብሎ፣ ብዙ ጊዜም በሁለቱም ዓይኖች ይታይበታል። ሌላው ዝነኛ ከልካይ ፒ53 ነው። ይኸው ዘረ መል የሕዋሱ ውርስ ሲጎዳ ክፍፍሉን ያስቆማል፤ ጉዳቱ የማይጠገን ከሆነም ሕዋሱ ራሱን እንዲያጠፋ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ1979 ሲገኝ ካንሰር አምጪ መስሎ ነበር፤ ከልካይነቱ የታወቀው ከዐሥር ዓመት በኋላ ነው። እንግዲህ ጠባቂውን ከጠላት መቁጠር የተርጓሚ ስሕተት ብቻ አይደለም።

ወደ ቃላቱ እንመለስ። «ዕጢ» በአማርኛ ጤናማውን ዕጢ፣ ለምሳሌ የታይሮይድን፣ እንዲሁም ያለ ቦታው የበቀለውን እብጠት ይጠራል፤ ስለዚህ «ዕጢ አፋኝ» የጤናማ ዕጢ ሥራ አስተጓጓይ ሊመስል ይችላል። «ነቀርሳ» ነባር ቃል ቢሆንም «የሳንባ ነቀርሳ» የቲቢ ስም ሆኖ ስለ ቆየ ግርታን ያመጣል። ካንሰር የሚለው የውሰት ቃል ግን ማንንም አያሳስትም። «አፋኝ» ትንፋሽ የሚያሳጣ ነው፤ «ጨቋኝ» ደግሞ ከ1966 ዓ.ም. አብዮት ወዲህ የተሸከመው ትርጉም ለሕክምና አይበጅም።

እኔ የምመርጠው «ገቺ»ን ነው። ፈረስ በልጓም ይገታል፤ የሚገታውም እንዳይሄድ ሳይሆን ከልክ እንዳያልፍ ነው። ቅርጹም እንደ ፈታ፣ ፈቺ የተለመደ ነው። ፒ53 ሕዋስን እስከ ሞት ማድረሱ በ«ገቺ» እንደማይገለጽ አምናለሁ፤ ስያሜ ግን ሁሉን እንዲናገር አይጠበቅበትም።

ከስያሜው ይልቅ የሚያሳስበኝ ግሡ ነው። እንግሊዝኛ ከጡት ካንሰር ጋር ስለሚያያዘው ቢ.አር.ሲ.ኤ.1 ሲናገር ዘረ መሉን እንደ ሕመም «አላት» ይላል። የእኛ ተርጓሚዎችም «አለባት» ብለው ይመልሱታል። «አለባት» ውስጥ ያለው «-ብ-» ጉዳትን አመልካች ነውና የእናቲቱን ጥያቄ የወለደው ይኸው ነው። ጉዳቱ ያለው በዘረ መሉ መኖር ሳይሆን በቅጂው መበላሸት ነው። ባልደረባችን ዓረፍተ ነገሩን እንዲህ አቅንቶታል፦ «ካንሰር ገቺው ዘረ መል ሁላችንም አለን፤ እርስዎ ግን ከሁለቱ ቅጂዎች አንዱን ተበላሽቶ ወርሰዋል።»