የአሮጌ ቮልስዋገን መሪ፤ ክፍሎቹን ስለ መለየትና ስለ መለወጥ

አንድ መኪና ሞተሩ ቢጠፋ ተሳፋሪውን ከመንገድ ያስቀረዋል። ፍሬኑ ቢደክም ማርሽና የእጅ ፍሬን ይቀሩለታል። መሪው ከጎማዎቹ ጋር ያለው ግንኙነት ቢቋረጥ ግን በሾፌሩ እጅ የሚቀረው ባዶ ክብ ነገር ብቻ ነው። ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ የሚወርደውን መንገድ የምናውቅ ሁሉ ይህን ለመረዳት ብዙ ማስረጃ አያስፈልገንም። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትቀመጥ ወረታ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በመካከላቸውም ያለው መንገድ ከ50 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ከሐሙሲት ተነሥቶ በአንበሳሜ በኩል ወደ እስቴ የሚዘልቀውንም መንገድ የተጓዘ ሰው ሾፌሩ መሪውን ምን ያህል ጊዜ እንደሚያዞር ያውቃል።

ለዚህ ለደጋ አገር መንኰራኵርን በቁልቁለት መምራት አዲስ ችግር አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ያሠሩት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ በ1860 ዓ.ም. በጋሪ ተጭኖ ወደ መቅደላ ሲጓዝ፣ ያን ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት ያለፈው በብዙ መቶ ሰዎች ክንድ ነበር። ዛሬ ያን የመምራት ሥራ የሚሠሩት ሁለት ቀጫጭን ዘንጎችና በጫፎቻቸው ያሉ ትንንሽ የብረት ኳሶች ናቸው። እነዚህን ማወቅ ለሾፌር ብቻ ሳይሆን ለተሳፋሪም ይበጃል ብለን እናምናለን።

«የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ስለ ብሎን ምን አገባችሁ?» የሚለን ጓደኛ አይጠፋም። መልሳችን አጭር ነው፦ ስሙን የማናውቀውን ነገር ልንጠይቅበት አንችልም። የስምና የመለየት ጉዳይ ደግሞ የእኛ የትምህርት ክፍል ጉዳይ ነው።

ቮልስዋገንን ለምን መረጥን?

ከአሮጌ መኪናዎች ሁሉ በአገራችን ይበልጥ የታወቀው ቮልስዋገን፣ በተለምዶ ቮልስ የምንለው ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የተወሰዱት በዚህ መኪና መሆኑን የማያስታውስ የታሪክ ተማሪ የለም። ዛሬም በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ብዙ ቮልሶች ይታያሉ።

ሆኖም ፋብሪካው ይህን መኪና መሥራቱን ትቷል። በጀርመን አገር የተሠራው የመጨረሻው ቮልስ በአውሮፓ አቆጣጠር በጥር 1978 ወጣ፤ በዓለም የመጨረሻው ደግሞ በሜክሲኮ አገር በፑዌብላ ከተማ በሐምሌ 30 ቀን 2003 ተሠራ። እስከዚያ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። እንግዲህ በእጃችን ያለውን አሮጌ መኪና የምንጠብቀው ከልዩ ልዩ ዘመን በመጡ ዕቃዎች ነው። አደጋውም ከዚህ ይጀምራል፤ ያረጀውን ዕቃ አውጥቶ ዘመዱ የሚመስለውን ሌላ ዕቃ ማስገባት ቀላል ነውና። ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ዋና አሳብ አንድ ነው፦ መለየት ከመለወጥ ይቀድማል። ያረጀ ዕቃ በማንኳኳት ያስጠነቅቃል፤ የማይገጥም አዲስ ዕቃ ግን ጤነኛ መስሎ ድንገት ሊለቅ ይችላል።

ክፍሎቹ የትኞቹ ናቸው?

ሾፌሩ መሪውን ሲያዞር ኃይሉ በመሪው ግንድ ወደ ታች ይወርዳል። በግንዱ ጫፍ በብሎኖች የታሰረ ክብ የጎማ ዲስክ አለ፤ ሥራው የመንገዱን ንቅናቄ ማብረድ ነው። ከእርሱ ቀጥሎ የመሪ ሣጥን ይገኛል። በሣጥኑ ውስጥ እንደ ብሎን የተጠመዘዘ ጥርስ አለ፤ ይህም የመሪውን ብዙ መዞር ወደ ጥቂትና ብርቱ እንቅስቃሴ ይለውጠዋል። ከሣጥኑ የሚወጣው ክንድ ግራና ቀኝ ሲወዛወዝ ሁለቱን የመሪ ዘንጎች ይገፋል፣ ይስባል። ዘንጎቹም ጎማዎቹን ያዞራሉ።

በእያንዳንዱ ዘንግ ግራና ቀኝ ጫፍ ላይ የዘንግ ራስ አለ፤ መካኒኮቻችን ቴስቲኒ ይሉታል። በውስጡ ኳስ አለ፤ ኳሱም ዘንጉ በሁሉም አቅጣጫ እንዲታጠፍ ያስችለዋል። እንግዲህ በአንድ ቮልስ ሥር አራት የዘንግ ራሶች አሉ ማለት ነው። ከ1960 ሞዴል ጀምሮ ደግሞ የመሪ አሞርዛተር ተጨምሯል፤ አንድ ጫፉ በፊተኛው አክስል ላይ ይታሰራል፣ ሌላው ጫፉ በሚንቀሳቀሰው የመሪ አካል ላይ ይያዛል፤ የመሪውንም መንቀጥቀጥ ያረጋጋል።

የመኪናውን ዘመን እንዴት እናውቃለን?

በመጀመሪያ ስለ ዓመቱ እንጠንቀቅ። ፋብሪካው የሚጠቀመው የአውሮፓን አቆጣጠር ነው፤ የሞዴሉም ዓመት የሚጀምረው ባለፈው ዓመት ነሐሴ ላይ ነው። ስለዚህ 1966 ሞዴል የሚባለው ቮልስ መሠራት የጀመረው በእኛ በ1957 ዓ.ም. ክረምት ነው። ልዩነቱ ወደ 9 ዓመት ይጠጋል። ሊብሬ ላይ የተጻፈውን ዓመት ብቻ ይዞ ዕቃ የሚገዛ ሰው በቀላሉ ይሳሳታል።

የተሻለው ምስክር የሻንሲ ቁጥር ነው፤ ከኋለኛው ወንበር ሥር በሻንሲው መካከለኛ ግንድ ላይ ተመትቶ ይገኛል። በጀርመን ለተሠሩት ከ1965 ሞዴል ወዲህ ላሉት ተራ ቮልሶች፣ ቁጥሩ በ11 ይጀምርና ሦስተኛው አኃዝ የሞዴሉን ዓመት ይነግረናል። በ115 የሚጀምር 1965፣ በ116 የሚጀምር 1966፣ በ118 የሚጀምር 1968 ነው። ይህች አንዲት አኃዝ ብዙ ነገር ትለውጣለች። እስከ 1965 ሞዴል ድረስ የፊት ጎማዎቹ የሚዞሩት ፔርኖ በሚባለው ቁም ብረት ላይ ነበር፤ ከ1966 ሞዴል ጀምሮ ግን ፔርኖው ቀርቶ በኳስ መጋጠሚያ ተተክቷል። የአንዱ የፊት አካል ለሌላው አይሆንም። ጎማው በ5 ብሎን መታሰሩም ለመለየት አይበቃም፤ በሁለቱም ዓይነት ላይ ይገኛልና።

ከቁጥሩ በኋላ ወደ ታች ጐንበስ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። በብራዚልና በሜክሲኮ የተሠሩት የራሳቸው የለውጥ ዘመን ነበራቸው፤ ደግሞም አሮጌ መኪና በዕድሜው የፊት አክስሉን ለውጦ ሊሆን ይችላል። ከፊት ሥር ሁለት አግዳሚ ቱቦዎች ከታዩ መኪናው ተራው ቮልስ ነው። ቱቦዎቹ ከሌሉና በምትካቸው ከጎማው ወደ ላይ የቆሙ ረጃጅም ሞላዎች ከታዩ ግን መኪናው 1302 ወይም 1303 የሚባለው ነው። የነዚህ የመሪ ዘንጎች አደራደር ፈጽሞ ሌላ ነው። 1303 ደግሞ ከ1975 ሞዴል ጀምሮ የመሪ ሣጥኑን ትቶ ጥርስ ባለው አግዳሚ ዘንግ ይመራል።

በመጨረሻ መሪው በየት በኩል እንዳለ እንይ። አገራችን የትራፊክ መንገድዋን ከግራ ወደ ቀኝ የለወጠችው ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው፤ ስለዚህ ከዚያ ዘመን በፊት የነበረ መኪና መሪው በቀኝ በኩል ሆኖ ቢገኝ አያስገርምም። መሪው በግራ ባለው ቮልስ አጭሩ ዘንግ በግራ፣ ረጅሙ በቀኝ ነው፤ መሪው በቀኝ ባለው ላይ ይህ ይገለበጣል።

የታመመውን ክፍል ፍለጋ

መኪናው ቆሞ የፊት ጎማዎቹ ቀጥ ባሉበት ጊዜ መሪውን በቀስታ ግራና ቀኝ እናንቀሳቅስ። ጎማው ሳይነቃነቅ የመሪው ጠርዝ ከ2 ሳንቲ ሜትር ተኩል በላይ ከተጓዘ አንድ ቦታ ልቅ ነገር አለ ማለት ነው። የት እንደሆነ ለማወቅ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ መሪውን ያወዛውዛል፣ ሌላው ከታች ሆኖ እጁን በእያንዳንዱ የዘንግ ራስ ላይ በየተራ ያሳርፋል። ያረጀው ራስ በእጅ መዳፍ ሥር ይንኳኳል።

ቀጥሎ አንዱን የፊት ጎማ በክሪክ አንሥቶ መነቅነቅ ነው። ጎማውን ከግራና ከቀኝ ይዘን ስንነቀንቀው ከተላወሰ ጥርጣሬው በመሪ ዘንጎች ላይ ያመዝናል። ከላይና ከታች ይዘን ስንነቀንቀው ከተላወሰ ወይ ፔርኖው፣ ወይ የኳስ መጋጠሚያው፣ ወይ የጎማው ኩሽኔታ ነው። ያን ጊዜ ሌላ ሰው ፍሬን ይርገጥ፤ መላወሱ ከጠፋ ኩሽኔታው ነበር፤ ካልጠፋ ፔርኖውን ወይም መጋጠሚያውን እንመርምር።

የዘንግ ራስን የሚያረጀው ከሁሉ በላይ አቧራና ጭቃ ነው። ኳሱን የሚሸፍነው የጎማ ቆብ ከተቀደደ በጋ አቧራውን፣ ክረምት ውኃውን ያስገባበታል፤ ግሪሱም ወደ አሸዋ ሊጥ ይለወጣል። ስለዚህ ቆቡ የተቀደደ ራስ ገና ባይንኳኳም ዕድሜው እያለቀ ነው።

አለዋወጡ

መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ይቁም፣ የኋላ ጎማዎቹ በድንጋይ ይታገዱ። ከተነሣም በኋላ በክሪክ ብቻ አይታመንም፤ ጽኑ መደገፊያ ይደረግለት። ምንም ነገር ሳይፈታ የዘንጉ ርዝመት ከአንዱ ኳስ መካከል እስከ ሌላው ኳስ መካከል ተለክቶ ይጻፍ።

ከዚያ በዳዶው ቀዳዳ ያለፈው የሽቦ መቆለፊያ ይወጣል፣ ዳዶውም ይፈታል። የኳሱ እግር ሾጣጣ ስለሆነ ቀዳዳው ውስጥ ተጣብቆ ይቆያል፤ በመንቀያ መሣሪያ ይነቀላል። መሣሪያ ከሌለ ቀዳዳውን የያዘውን ክንድ ከጎኑ በመዶሻ መምታት ይበቃል፤ የብሎኑን ጫፍ መምታት ግን ጥርሱን ያበላሻል። በሚስተካከል ዘንግ ላይ አንዱ ራስ በተለመደው አቅጣጫ ሲጠብቅ ሌላው በተቃራኒው ይጠብቃል፤ ይህም የሆነው ራሶቹ ሳይፈቱ ዘንጉን በማዞር ብቻ ርዝመቱ እንዲስተካከል ነው። ስለዚህ ራሱን ስንፈታ የዙሩን ቁጥር እንቁጠር፤ አዲሱንም በዚያው ልክ እናስገባ።

አዲሱን ከማስገባት በፊት ከአሮጌው ጎን አስቀምጦ ማመዛዘን ግድ ነው። የሾጣጣው ውፍረት፣ የጥርሱ አቅጣጫ፣ የአንገቱ ርዝመትና መታጠፊያ አንድ መሆን አለባቸው። ሾጣጣው ከቀዳዳው ጋር እኩል ካልተቀመጠ፣ በቆርቆሮ ቢሞላም ሆነ በዳዶ ቢጠብቅ፣ ያ ዕቃ ለዚያ መኪና አልተሠራም፤ ወደ ሱቁ ይመለስ። ከገጠመ ሾጣጣው በጨርቅ ተጠርጎ ደረቁን ይግባ፣ ዳዶው ይጥበቅ። ቀዳዳዎቹ ካልተገጣጠሙ ጥቂት ይጨመርበታል እንጂ ዳዶው ወደ ኋላ አይላላም። የሽቦ መቆለፊያው አዲስ ይሁን፤ ዘንጉን የሚቆልፈው ዳዶም አይረሳ።

ሥራው ሲያልቅ መሪው ከዳር እስከ ዳር ይዙር፤ ዘንጎቹ ከምንም ነገር ጋር እንዳይነካኩ ይታይ። ከዚያ የጎማዎቹ አቅጣጫ ይስተካከላል፤ የፊት ጎማዎቹ ከፊታቸው በኩል ከኋላቸው ይልቅ በጥቂት ሚሊ ሜትር መቀራረብ አለባቸው። ይህ ካልተደረገ አዲሱ ዕቃ ጎማውን በአጭር ጊዜ ይበላዋል።

ሁለት ክፉ ልማዶች

አንደኛው የመሪ ዕቃን መበየድ ነው። የታጠፈና የተበየደ ዘንግ ቀድሞ የነበረው ጥንካሬ አይመለስለትም፤ ሲሰበርም አስቀድሞ ምልክት አይሰጥም። ሁለተኛው የዘንግ ራስ አርጅቶ ሳለ የመሪ ሣጥኑን ማስተካከያ ብሎን እያጠበቁ ልቅነቱን መሸፈን ነው። እንዲህ ያለ መሪ መካከሉ ላይ ይጠነክራል፤ ከመታጠፊያም በኋላ በራሱ ወደ ቀጥታው አይመለስም። ለአንድ ቀን ደህና የሆነ ይመስላል፤ በሽታው ግን አልተነካም።

ከእኛ መካከል ቮልስ የሚገዛ ጥቂት ነው። ነገር ግን በየበዓሉ ወደ ወላጆቻችን የሚያደርሰን አይሱዙም ሆነ አሮጌ ሚኒባስ የሚመራው በነዚሁ ዘንጎችና ኳሶች ነው። «ትንሽ ይጫወታል እንጂ ምንም አይልም» የሚል ሾፌር ባጋጠመን ጊዜ፣ «የሚጫወተው የትኛው ነው? የዘንግ ራስ ነው ወይስ ፔርኖ? ቆቡስ ደህና ነው?» ብለን በትሕትና እንጠይቀው። የሚያውቅ ሾፌር በጥያቄው ይደሰታል፤ የማያውቅም ወደ ጋራዥ ይሄድ ይሆናል። ለዚህ የሚያስፈልገው ጥቂት ስሞችን ማወቅ ብቻ ነው፤ እነሱንም ከላይ ዘርዝረናቸዋል።