ራጁ ንጹሕ፣ ሕመሙ እውነተኛ፦ የፋይብሮማያልጂያ ተረትና እውነታ

ከትከሻ ጀምሮ ወገብን ይዞ እስከ እግር የሚወርድ ቁርጥማት፣ ሌሊቱን ሙሉ ተኝተው ሲነሡ ያልተኙ የሚያስመስል ድካም፣ የጀመሩትን ወሬ መሐል ላይ የሚያስረሳ መዘንጋት። ራጅ ይነሣሉ፤ ንጹሕ ነው። ደም ይሰጣሉ፤ ደህና ነው። ፋይብሮማያልጂያ የሚባለው ሕመም ከመቶ ሰው ሁለት እስከ አራቱን እንደሚይዝ ቢገመትም፣ ስለ እሱ የሚወራው ብዙ ጊዜ ከእውነታው ይርቃል።

ተረት፦ «ምርመራው ደህና ካለ ሕመሙ የሐሳብ ነው»

እውነታ፦ የታወከው የሕመም ስሜትን የሚያስተናግደው የነርቭ ሥርዓት ነው። ራጅ የሚያሳየው ደግሞ አጥንትን ነው። አንጎልና ሕብለ ሰረሰር ቀላሉን መልእክት፣ ድምፁ እስከ ጥግ እንደተለቀቀ ሬዲዮ፣ አጉልተው ያሰሙታል። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ የአሜሪካ ጥናት የሕሙማንን አውራ ጣት በመጠኑ እየተጫነ አንጎላቸውን በኤምአርአይ ተመልክቷል። ጤነኞቹ ላይ ተመሳሳይ ሕመምና ተመሳሳይ የአንጎል ምላሽ የታየው ጫናው ወደ እጥፍ ሲጠጋ ነው። ጭንቀትና ድብርት ሕመሙን ሊያባብሱት ይችላሉ፤ ሕመሙ ግን የፈጠራ አይደለም።

ተረት፦ «ብርድ ነው፤ ካልሆነም ሪህ ነው»

እውነታ፦ ብርድ አንዳንዱን ሰው ቢያስቸግርም የበሽታው መነሻ አይደለም። ሪህ ዩሪክ አሲድ መገጣጠሚያ ውስጥ ሲከማች የሚመጣ ነው፤ ብዙ ጊዜ አንዱን መገጣጠሚያ፣ በተለይ የእግር አውራ ጣትን፣ ያሳብጣል፣ ያቀላል። ፋይብሮማያልጂያ ግን መላ ሰውነትን ቢያምም መገጣጠሚያ አያበላሽም፣ አካልም አያጎድልም።

ተረት፦ «በላብራቶሪ ስለማይታይ ሐኪም ሊያውቀው አይችልም»

እውነታ፦ መለያ መስፈርት አለው። እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣው መስፈርት ሐኪሙ የተወሰኑ 18 ነጥቦችን፣ የራሱ ጥፍር እስኪነጣ ድረስ፣ በአውራ ጣቱ ይጫን ነበር፤ በመላ ሰውነት ከተሰራጨው ሕመም ጋር ቢያንስ 11ዱ ካመሙ በሽታው አለ ይባላል። ይህ ዘዴ በ2010 በሌላ ተተካ። በ2016 በተሻሻለው መስፈርት መሠረት ሕመሙ ቢያንስ ለሦስት ወር የቆየ መሆን አለበት፤ ሰውነት በአምስት ክፍል ተከፍሎም ቢያንስ አራቱ ላይ መገኘት ይኖርበታል። ድካም፣ እንቅልፍና የማስታወስ ችግርም አብረው ይመዘናሉ። የደም ምርመራው የሚታዘዘው እንደ እንቅርት ዕጢ ሥራ መቀነስና ደም ማነስ ያሉ ተመሳሳይ ስሜት የሚፈጥሩ ችግሮች እንዳያመልጡ ነው።

ተረት፦ «የሴቶች በሽታ ነው»

እውነታ፦ ሴቶች ላይ ይበዛል፤ ወንዶችንና ልጆችንም ግን ይይዛል።

ተረት፦ «ጠንከር ያለ መርፌ ቢወጉት ይለቃል»

እውነታ፦ እንዲህ ባለ መርፌ የሚሰጠው ማስታገሻ ዲክሎፍናክ የሚሠራው በዋናነት ብግነት ላይ ነው። እዚህ ደግሞ የሚበርድ ብግነት የለም። ስለዚህ መርፌው ሲደጋገም ጥቅሙ እምብዛም ሳይታይ ጨጓራንና ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉ ስቴሮይዶችና እንደ ሞርፊን ያሉ ኃይለኛ ማስታገሻዎችም አይመከሩም። አንዳንዱን ሕመምተኛ የሚረዱት በትንሽ መጠን ማታ የሚወሰደው አሚትሪፕቲሊን፣ ዱሎክሰቲንና ፕሪጋባሊን ናቸው። ከእነዚህ ሁለቱ የድብርት መድኃኒት ተብለው ስለሚታወቁ «አበድኩ ተባልኩ እንዴ?» ብሎ ቅር የሚሰኝ አይጠፋም። የሚታዘዙት ግን አንጎል ሕመምን የሚያበርድበትን መሥመር ስለሚያግዙ ነው። በሐኪም ትእዛዝ ይጀመራሉ፤ በድንገትም አይቋረጡም።

ተረት፦ «ያመመው ሰው ይተኛ እንጂ አይንቀሳቀስ»

እውነታ፦ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የአውሮፓ የሩማቶሎጂ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2016 ሕክምናዎቹን ሲመዝን «በጽኑ ይመከራል» ያለው የአካል እንቅስቃሴን ብቻ ነው። ሲጀመር ሕመሙ ትንሽ ሊብስ ይችላል፤ ጡንቻ እየተበላሸ ነው ማለት ግን አይደለም። አስቸጋሪው መጠኑን ማወቅ ነው። የበዓል ዋዜማን አስቡት። ሻል ያላት እናት «ዛሬስ ደህና ነኝ» ብላ ሽንኩርቱን ትከትፋለች፣ ዶሮውን ትገነጥላለች፣ ቤቱን ትወለውላለች፤ በዓሉን አልጋ ላይ ታሳልፋለች። ይሻል የነበረው ሽንኩርቱን ዛሬ፣ ውልወላውን ነገ አድርጎ፣ በየመሐሉ አረፍ እያሉ ሥራውን ለቤተሰቡ ማከፋፈል ነው። የእግር ጉዞም እንዲሁ ነው፦ በቀን ከአምስት ወይም ከአሥር ደቂቃ ተነሥቶ፣ ሰውነት ሲለምደው ብቻ በየሳምንቱ ጥቂት ደቂቃ መጨመር። ደህና በሆኑበት ቀን ከልክ አያልፉም፤ በከፋበት ቀንም ጨርሰው አይተዉትም። ማታ በተወሰነ ሰዓት መተኛትና ከሰዓት በኋላ ቡና መቀነስም የሕክምናው አካል ነው፤ እንቅልፍ ሲጓደል ሕመም ይበረታልና።

ተረት፦ «ፋይብሮማያልጂያ ከተባለ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም»

እውነታ፦ ፋይብሮማያልጂያ ያለበት ሰው ሌላ በሽታም ሊይዘው ይችላል። የመገጣጠሚያ እብጠት፣ ትኩሳት፣ ያለ ምክንያት ክብደት መቀነስ፣ የእጅ ወይም የእግር መዛል ከመጣ «ያው የለመድኩት ነው» ሳይሉ ሐኪም ዘንድ መሄድ ይገባል።

እስካሁን ይህን ሕመም ከሥሩ የሚነቅል መድኃኒት የለም። የሕክምናው ውጤት የሚለካው ካለፈው ወር ይልቅ በዚህ ወር ስንት ሌሊት ተኙ፣ ስንት ቀን ሥራ ገቡ፣ ምን ያህል ተራመዱ በሚለው ነው። ወደ ሐኪም ሲመለሱ ይህን በማስታወሻ ይዞ መሄድ «ያው አልተሻለኝም» ከማለት የበለጠ ይረዳል፤ ሐኪሙ የትኛው እንደሠራ፣ የትኛው መለወጥ እንዳለበት የሚያየው ከዚያ ነው።