አረሩ የት ይቆማል?

ፈቃድ ያለው ሽጉጥ የታጠቀ የዱባይ ተራ ገበያ ነጋዴ የሚጠይቀኝ ሁሌም አንድ ነው፦ «ጋሼ፣ ሌባን ባለበት የሚያስቀረው የቱ ጥይት ነው?» እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከሌባው ጀርባ ያለው ሰው ነው። መተላለፊያው ተጋፍተው የሚያልፉበት ነው፤ ሱቅን ከሱቅ የሚለየው ብዙ ጊዜ ቆርቆሮ ወይም ኮምፔንሳቶ ነው። ሁለቱም ጥይት አያቆሙም።

የቶካሬቭ ሽጉጥ አረር 5.5 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ በሰከንድ ከ400 ሜትር በላይ ይበራል። የማካሮቭ 6 ግራም ገደማ ሆኖ ፍጥነቱ ወደ 315 ሜትር ነው። አረሩ ሙሉ የብረት ሽፋን ካለው አንዱን ሰው በስቶ ሌላው ላይ ሊያርፍ ይችላል። ጫፉ የተቦረቦረው ግን ገላ ውስጥ ሲገባ ይዘረጋል፤ ጉልበቱም በአብዛኛው እዚያው ያልቃል። የኒውዮርክ ፖሊስ በ1998 እ.ኤ.አ. ወደዚህ ጥይት ሲዞር አንዱ ምክንያቱ የአላፊ አግዳሚው ደኅንነት ነበር። ለጦርነት ግን የሚዘረጋ ጥይት በ1899 እ.ኤ.አ. ሄግ ላይ ተከልክሏል። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ወታደሮቻችንን በዚሁ ጥይት ስትከስ፣ ራሷ የሰናፍጭ ጋዝ ታዘንብብን ነበር!

«ታዲያ የተቦረቦረውን ልግዛ?» ይለኛል። በማካሮቭ ፍጥነት ቀዳዳው በጃኬት ወይም በጋቢ ክር ተደፍኖ ሳይዘረጋ ሊቀር ይችላል፤ ያኔ ከሌላው አይለይም። ደግሞም እኛ አገር ጥይት እንደ ሸቀጥ አይመረጥም፤ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት በፈቃድ የሚያዝ ነው። ከጓዳ የተገዛ ጥይት ወንጀልነቱ ሳያንስ፣ ስንት ዓመት የት እንደተቀመጠ አይታወቅም።

እኔ ከጫፉ ቅርጽ በፊት ሌላ ነገር አያለሁ። የማካሮቩም፣ ፓራቤለም የተሰኘውም የሽጉጥ ጥይት «ዘጠኝ» ይባላሉ፤ ነገር ግን የአንዱ ቀለህ በርዝመት 18፣ የሌላው 19 ሚሊ ሜትር ነው፤ የማካሮቩ አረር ደግሞ በውፍረት 9.27 ነው። ማምታታት አደጋ አለው። ቀለሁ አረንጓዴ ዝገት ካወጣ ይወገድ። ማታ አራግፎ ጠዋት ያንኑ ጥይት መልሶ የሚያጎርስ ሰው ደግሞ ብዙ ነው። አረሩ በየጊዜው እየተገፋ ቀለሁ ውስጥ ይሰምጣል፤ ሲተኮስ ግፊቱ ከልክ ሊያልፍ ይችላል። ይህን ስነግራቸው ካዝናቸውን አውጥተው የሚያዩ አሉ።

የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ይፈቅዳል፤ ጥቃቱ የደረሰ ወይም የተቃረበ፣ በሌላ መንገድ የማይመለስ፣ የመከላከያውም ልክ የተመጣጠነ ከሆነ ነው። ስልክ መንትፎ በሮጠ ልጅ ጀርባ ላይ መተኮስ እዚህ ውስጥ አይገባም። አረሩ ማዶ ያለውን ሻይ ሻጭ ካገኘ ደግሞ አንቀጽ 543፣ በቸልተኝነት ሰው መግደል፣ ይጠብቃል።

«እንግዲያው ጋሼ፣ ሽጉጡ ምን ይሠራልኛል?» አለኝ አንዱ።

«ሌሊት የቤትህን በር ለሚሰብር። ለሱቁ ግን ብሩን ሳይመሽ ባንክ አስገባ፤ መዝጊያውንም በወፍራም ብረት አሠራ።»