ጅራት የሌላት ጊንጥ

በእንግሊዝ አገር ከዛፍ ሥር የተከማቸውን እርጥብ ርጋፊ ቅጠል በእፍኝ አንሥቶ በነጭ ወረቀት ላይ ያራገፈ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ትቢያ ብቻ ነው። ጥቂት ቢታገሥ ግን ከትቢያው አንዲቱ ቅንጣት መራመድ ትጀምራለች፤ ቢነኳትም የኋሊት ትሸሻለች። ርዝመቷ 2 ሚሊሜትር ያህል ነው። ስምንት እግርና እንደ ጊንጥ ሁለት መቆንጠጫ አላት፤ ጅራትና መንደፊያ ግን የላትም። ሊቃውንት ወገኗን «ሐሰተኛ ጊንጥ» ይሉታል፤ የእርሷ የተለየ ስም ክቶኒዩስ ኢስክኖኬሌስ ነው። ሄርማን የተባለው የስትራስቡርግ ሰው ስለ እርሷ የጻፈው መግለጫ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1804 ታተመ።

ከዘመዶቿ ብዙዎቹ በመቆንጠጫቸው ውስጥ መርዝ አላቸው፤ የእርሷ ቤተሰብ ግን ይህም አልተሰጠውም። ዓይኖቿ አራት ቢሆኑም ደካሞች ናቸው። ታዲያ በጨለማ ውስጥ በምን ታድናለች? በጠጕር ነው። በመቆንጠጫዎቿ ላይ የቆሙት ረጃጅም ስስ ጠጕሮች አየሩ በጥቂቱ እንኳ ቢነቃነቅ ይሰማቸዋል፤ ከሥሯ የሚፈናጠር ትንሽ ነፍሳት ሲያልፍ ይዛ ታስቀረዋለች። ከዚያም በአፏ ፊት ባሉት ሌሎች መቆንጠጫዎች ቀጥቅጣ ፈሳሽ ታፈስበታለች፤ ሥጋው ሲሟሟ ትመጠዋለች።

እነዚሁ ጠጕሮች ዕድሜዋንም ይናገራሉ። በእያንዳንዱ መቆንጠጫ ላይ በመጀመሪያው የልጅነት ደረጃ 4፥ በሁለተኛው 8፥ በሦስተኛው 10፥ ስትጐለምስ 12 ይሆናሉ። ቆዳዋን ለመለወጥ ከአፏ አካባቢ በሚወጣ ሐር ትንሽ ቤት ሠርታ ትዘጋበታለች። ስለ ጋብቻቸው ብዙ የሚወራ የለም፤ ወንዱ ዘሩን በቀጭን ዘንግ ጫፍ መሬት ላይ ተክሎ ይሄዳል፥ ሴቲቱም በመንገዷ ታገኘዋለች።

«ሐሰተኛ» የሚለው ስም ግን ያከራክራል። ፍጥረቲቱ ጊንጥ ነኝ ብላ አታውቅም! ይልቁንም ሊቃውንት ለብዙ ዘመን ወገኗን ከጊንጥ አርቀው ከሌሎች የሸረሪት ዘመዶች ጋር ሲያስጠጉት ኖረው፥ በ2021 የታተመ የዘር ውርስ ጥናት ሐሰተኞቹ ጊንጦች ለእውነተኞቹ የቅርብ እኅት ናቸው የሚል ውጤት አወጣ።

የታወቁት ዓይነቶች ከ4,000 ይበልጣሉና ወገኑን በዓይኑ ማየት የሚሻ ተማሪ ወደ እንግሊዝ መሄድ አያስፈልገውም። ላዩ ሰፊ ታቹ ጠባብ በሆነ ዕቃ ላይ ወንፊት አድርጎ እርጥብ ርጋፊ ቅጠል ይሙላበት፤ ከላይ አምፑል ያብራ፥ ከታች አልኮል ያለበት ብርጭቆ ያስቀምጥ። ሙቀቱና ድርቀቱ እያባረራቸው ቅጠሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ አንድ በአንድ ወደ ታች ይወርዳሉ።